ኩልል ያለ ጅረት ሁሉ ጤነኛ ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«እኛ ጋ ጫካ ውስጥ የሚወርድ ትንሽ ጅረት አለ። ስፋቱ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ውሃው ኩልል ያለ ነው፣ የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ግን ዓሣ አይቼበት አላውቅም። ቅጠል ተከምሮበታል፣ ትልልቅ ግንዶች ወድቀውበታል። አንዳንድ ቦታ አረፋ ይይዛል፤ ዳር ዳሩ ላይ ደግሞ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ለካሁ፣ 7.2 ነው። ናይትሬት በመመርመሪያ ወረቀት ሞከርኩ፣ ምንም የለም። ከላይ በኩል የኮረኮንች መንገድ በቱቦ ያቋርጠዋል እንጂ ሌላ ሰው የሚደርስበት አይደለም። ጅረቱ ጤነኛ ነው ማለት እችላለሁ? ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነን ቅጠሉንና ግንዱን አውጥተን ልናጸዳው አስበናል። ውሃውስ ይጠጣል?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ውሃው ሳይፈላ አይጠጣም። ግንዱና ቅጠሉም አይነኩም። የጽዳት ቀን ቀጥራችሁ ከሆነ ሰርዙት፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ። ጤነኛ ነው ወይ ለሚለው ግን እስካሁን የሰበሰቡት መረጃ መልስ አይሰጥም። እኔን ያሳሰበኝ አረፋውም የዓሣው መጥፋትም አይደለም። እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት የኮረኮንች መንገድ ናት።

መጀመሪያ ስለ ኩልልታው። ውሃ ጠራ ማለት ደለልና አልጌ አልተንሳፈፈበትም ማለት ነው። በቃ፣ ሌላ ምንም አያስረዳም። በአሲድ የተመቱ ጅረቶች ብዙ ጊዜ እንደ መስታወት የጠሩ ናቸው። ፓይሬትሮይድ የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከአንድ ማይክሮ ግራም ባነሰ መጠን የጅረት ነፍሳትን ይጨርሳሉ፤ ውሃው ቀለሙም ሽታውም አይለወጥም። በተቃራኒው ከጫካ የሚወጣ ውሃ ሻይ የመሰለ ቡናማ ሊሆን ይችላል። እሱ ከቅጠልና ከሥር የወጣ ቀለም ነው፤ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም።

ፒኤች 7.2 ጥሩ ቁጥር ነው። ከ6.5 እስከ 9 ባለው መካከል አብዛኛው የጅረት ፍጥረት ይኖራል። ግን ይህ እርስዎ በቆሙባት ሰዓት ያለፈው ውሃ ቁጥር ነው። ማክሰኞ ሌሊት የሆነ ሰው ከላይ የመርዝ ዕቃ ቢያጥብ፣ ሐሙስ ጠዋት መለኪያዎ ምንም አያይም። የናይትሬቱም ወረቀት እንደዚሁ ነው። እነዚህ ወረቀቶች በብዛት የሚሠሩት ለመጠጥ ውሃና ለዓሣ ገንዳ ነው። የጫካ ጅረትን መልክ ለመለወጥ የሚበቃው መጠን ወረቀቱ በቅጡ ከሚያየው በታች ሊሆን ይችላል። ፎስፈረስማ በሊትር በጥቂት አሥር ማይክሮ ግራሞች ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ «ምንም የለም» አይበሉ፤ «ወረቀቱ አላየም» ይበሉ።

ነገ ከነገ ወዲያ የኦክስጅን መለኪያ መግዛትዎ እንደማይቀር ስለጠረጠርኩ አስቀድሜ ላስጠንቅቅዎ። ኦክስጅን በሙቀት፣ በከፍታና በሰዓት ይለያያል። 20 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ሲጠግብ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል። ያው ውሃ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ከ7 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ 7 አንዱ ቦታ ሙሉ ነው፣ ሌላው ቦታ ጉድለት ነው። መለኪያው በመቶኛ የሚያነብ ከሆነ እሱን ይያዙ። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ቀን አልጌው ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ሁሉም ይተነፍሳል፣ የሚያመርት ግን የለም። ዝቅተኛው የሚገኘው ሊነጋጋ ሲል ነው። ከምሳ በኋላ ለክቶ «ኦክስጅኑ ሞልቷል» የሚል ሪፖርት እኔ አላምንም።

ታዲያ ምን ይለካ? እዚያው የሚኖሩትን ነው የምናየው። ውሃው ያልፋል፤ ድንጋይ ሥር የሚኖሩት ነፍሳት ግን ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ እዚያው ናቸው። የማክሰኞ ሌሊቱን መርዝ እነሱ ቀምሰውታል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ኮልክዊትዝና ማርሰን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1908 እና በ1909 ዓ.ም. ፍጥረታትን በቆሻሻ መቋቋም አቅማቸው መድበው አሳይተዋል። ብሪታንያውያን ኋላ ላይ ለየነፍሳቱ ቤተሰብ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጡ፤ ንጹሕ ውሃ ብቻ የሚወደው 10፣ ምንም የማይበግረው 1። ዛሬ በየአገሩ የሚሠራባቸው ዘዴዎች በብዛት የዚያ ዘር ናቸው።

አሁን ወደ ጅረቱ ይውረዱ። ጥልቀት የሌለው፣ ውሃው በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚሮጥበት ቦታ ይፈልጉ። የቡጢ ያህል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ድንጋይ ቀስ ብለው ያንሱና ይገልብጡ። መጀመሪያ ምንም አይታይዎትም። ትንሽ ይጠብቁ። ወዲያው ጠፍጣፋ ነገር እንደ ጥላ ሸርተት ይላል። ሦስት ቀጫጭን ጭራ ካለውና በሆዱ ጎንና ጎን ላባ የመሰሉ ስንጥቦች ካርገበገበ፣ እሱ ሜይፍላይ የሚባለው በራሪ ነፍሳት እጭ ነው። ስንጥቦቹ የሚተነፍስባቸው ናቸው። ጭራው ሁለት ብቻ ከሆነና ሆዱ ላይ ስንጥብ ከሌለው ስቶንፍላይ ሊሆን ይችላል። አጉሊ መነጽር ካለዎት እግሩን ይዩ፤ ስቶንፍላይ በየእግሩ ጫፍ ሁለት ጥፍር አለው፣ ሜይፍላይ አንድ። ድንጋዩ ላይ ደግሞ ከአሸዋ ቅንጣት ወይም ከስንጥር የተሠራች፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቱቦ ተለጥፋ ያገኙ ይሆናል። ፍርፋሪ መስላዎት እንዳያልፏት። ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ትንሽ ይታገሱ፤ ከአንዱ ጫፍ ራስና ስድስት እግር ብቅ ይላል። ካዲስፍላይ ነው፤ ቤቱን ራሱ የሠራ። ከዘመዶቹ ቤት የማይሠሩም አሉ፤ ድንጋይ መሃል የሐር መረብ ዘርግተው ውሃው የሚያመጣላቸውን ይለቅማሉ።

እነዚህ ሦስቱ ቡድኖች በዛ ያለ ዓይነት ይዘው ከተገኙ ጥሩ ምልክት ነው። «በዛ ያለ ዓይነት» ያልኩት በምክንያት ነው። ሜይፍላይ ውስጥ ቆሻሻ ብዙም የማይከብዳቸው አሉ፤ አንድ ዓይነት ብቻ መቶ ቢገኝ አያስደስተኝም። ሌላም ማስጠንቀቂያ አለ። ስቶንፍላይ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ነው፤ በሞቃት አገሮች፣ በተለይ በአፍሪካ፣ ዝርያው ጥቂት ነው። ስለዚህ ለአውሮፓ የተሠራ የነጥብ ሠንጠረዥ ከኢንተርኔት አውርዶ ሌላ አህጉር ላይ መደመርና መቀነስ ትርጉም የለውም። በሌላው ወገን ቀያይ ትሎች አሉ። ቀይ ያደረጋቸው እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላላቸው ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት በሱ ነው። ጥቂት ቢገኙ ችግር የለም፣ የትም አሉ። ናሙናው በሙሉ እነሱና አልቅት ከሆነ ግን ጅረቱ ታሟል።

አንድ ድንጋይ ገልብጦ ፍርድ የለም። ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው መረብ ያስፈልግዎታል። አፉን ውሃው ወደሚመጣበት አዙረው መሬት ያስነኩት። እርስዎ ከመረቡ በላይ ቆመው ድንጋዩንና ጠጠሩን በእግርዎ ያተራምሱ፤ የተነቀለውን ሁሉ ውሃው መረቡ ውስጥ ያስገባልዎታል። በአንድ ጣቢያ (ናሙና በሚወስዱበት ቦታ) በድምሩ ሦስት ደቂቃ፣ ቦታ እየቀያየሩ። ከዚያ ነጭ ሳህን ላይ ውሃ ጨምረው ያፍስሱትና ቢያንስ መቶ ነፍሳት ይቁጠሩ። ስማቸውን ባያውቁ ግድ የለም፤ በመልክ ለዩአቸውና ስንት ዓይነት እንዳለ፣ የሦስቱ ቡድኖች ድርሻ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይጻፉ። ሲጨርሱ ወደ ውሃው ይመልሷቸው።

ዋናው ነገር ጣቢያው ሁለት መሆኑ ነው። አንዱ ከመንገዱ በላይ፣ አንዱ ከመንገዱ በታች። ቁልቁለቱ፣ የድንጋዩ መጠንና ጥላው በተቻለ መጠን ይመሳሰል፤ አለበለዚያ የሚያወዳድሩት መንገዱን ሳይሆን ቦታውን ነው። ሥራውን ከታችኛው ጀምረው ወደ ላይ ይሂዱ። ከላይ ከጀመሩ ያተራመሱት ሁሉ የታችኛውን ያበላሽብዎታል።

መንገዱን ለምን እንደጠረጠርኩ ልንገርዎ። ዝናብ ሲጥል የኮረኮንች መንገድ አፈሩን በቦዩ ይዞ ቀጥታ ጅረቱ ውስጥ ይገባል። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ውሃው እንደገና ኩልል ይላል፤ እርስዎም ያን ጊዜ ነው የሚያዩት። ደለሉ ግን አልሄደም። ድንጋይና ድንጋይ መሃል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ቁጭ ብሏል። ያ ክፍተት የነፍሳቱ መኖሪያ፣ የብዙ ዓሦችም እንቁላል ማስቀመጫ ነው። መርዝ ሳይኖር፣ ፒኤች ሳይነካ ቤታቸው ተደፈነባቸው ማለት ነው። ይህንን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ድንጋዩ ሲነሳ ቀለል ብሎ ይነሳል ወይስ እንደ ጥርስ ይነቀላል? ከሥሩ የጭቃ ደመና ይነሳል? የድንጋዩ ጎን ከሩብ በታች ብቻ ደለል ውስጥ ከተቀበረ መልካም ነው። ከግማሽ ካለፈ ችግር አለ። ከሦስት ሩብ ካለፈ እዚያ ብዙ ነዋሪ አይጠብቁ። በየጣቢያው ሃያ ሃያ ድንጋይ አንስተው ይመዝግቡ።

የዓሣውም ነገር እዚሁ ቱቦው ጋ ሊሆን ይችላል። በእርግጥ ከምንጩ ብዙ ያልራቀ ትንሽ ጅረት ላይ ዓሣ አለመኖሩ ብዙ ጊዜ ተፈጥሯዊ ነው፤ ከታች ፏፏቴ ካለ መቼም ላይደርስ ይችላል። ግን የቱቦውን የታችኛ አፍ ሄደው ይዩት። ውሃው ከቱቦው ከንፈር ወደ ታች የሚወድቅ ከሆነ፣ አንድ ሁለት ስንዝር እንኳ ቢሆን፣ ትንንሽ ዓሦች ሊዘሉት አይችሉም። ከቱቦው በታች ዓሣ ካለና ከላይ ከሌለ ጥፋተኛው ብክለት ሳይሆን ቱቦው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ግንዱና ቅጠሉ። ጽዱ ጅረት ማለት እንደተጠረገ ግቢ አይደለም። ጫካ ውስጥ ጥላው ፀሐይ ስለማያስገባ ውሃው ውስጥ ብዙ አልጌ አይበቅልም። ታዲያ የጅረቱ ቀለብ ከየት ይመጣል? በአብዛኛው ከሚረግፈው ቅጠል ነው። ቅጠሉ ይርሳል፣ ሻጋታ መሰል ፈንገሶች ይይዙታል፣ ይለሰልሳል። ከዚያ ቅጠል የሚቆራርጡት ነፍሳት ይመጣሉ፤ ሸርጣን ባለበት ሸርጣኑም ይመጣል። ፍርፋሪው ወደ ታች ሲወርድ እነዚያ መረብ የዘረጉት ይጠብቁታል። ቅጠሉን አወጣችሁ ማለት ምግቡን ከማዕዱ ላይ አነሳችሁ ማለት ነው። ግንዱ ደግሞ ቅጠሉ ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዛል፣ ከሥሩ ውሃ የሚተኛበት ጉድጓድ ይፈጥራል፣ የጎርፉንም ጉልበት ይሰብራል። ሊነሳ የሚገባው ግንድ አንድ ነው፤ ቱቦውን ዘግቶ መንገዱን ሊያስወስድ የደረሰ። እሱም ቢሆን የዘጋው ክፍል ብቻ ተቆርጦ ይነሳ። ፕላስቲክና ቆርቆሮ ካለ ግን ልቀሙት፣ ማንም አይከለክላችሁም።

እንዲያውም ቅጠሉ ራሱ መርማሪ ነው። ከተከመረው መካከል አንድ እፍኝ አውጥተው ይዩ። ሥጋው ተበልቶ ጅማቱ ብቻ እንደ ነጠላ ጥለት የቀረ ቅጠል ካገኙ፣ በላተኞቹ ሥራ ላይ ናቸው። ቅጠሉ እንዳለ ሆኖ የጠቆረና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ እዚያ ውስጥ ኦክስጅን የለም። ጥቂት ቦታ ላይ፣ ውሃው ጸጥ ብሎ በተኛበት ብቻ ከሆነ ይለፉት። በሮጠው ውሃ ውስጥም እንዲያ ከሆነ ይጠርጥሩ። ዳሩ ላይ ያለው ዛፍ ዓይነትም ለውጥ አለው፤ እንደ ባሕር ዛፍ ያለ ጠንካራና ዘይታም ቅጠል ለነፍሳቱ የሚቀመስ አይደለም፣ ለመበስበስም ይዘገያል።

አረፋውና ዘይት መሳዩ ነገር ቶሎ ያልቃሉ። ወደ ቡናማ ያደላ፣ አፈር አፈር የሚሸት፣ ውሃ ከሚወድቅበት ሥር የሚጠራቀም አረፋ ከቅጠል የመጣ ነው። ነጭ ሆኖ ሳሙና የሚሸት ከሆነ ምንጩን ይፈልጉ። የሚያብረቀርቀውን በእንጨት ይንኩት። እንደ ስስ በረዶ ከተሰባበረና ተለያይቶ ከቀረ ብረት የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሠሩት ነው፤ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ዝገት የመሰለ ለስላሳ ዝቃጭ ይታያል። ወዲያው ተመልሶ ከገጠመ ነዳጅ ወይም ዘይት ነው። መንገድ ስላለ ይህን ሳይሞክሩ አይለፉ።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከከባድ ጎርፍ በኋላ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ይጠብቁ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ ጎርፍ በወረደ በሦስተኛው ቀን ናሙና ወስጄ ጅረቱ ሞቷል ብዬ ጽፌ አውቃለሁ። አልሞተም ነበር፤ ነዋሪው ተጠርጎ ተወስዶ ገና እየተመለሰ ነበር። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየዓመቱም በተመሳሳይ ወቅት ይሥሩ። ብቻዎን አይግቡ፤ ከጉልበት በላይ የሆነና የሚገፋ ውሃ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለተረት ብቻ አይደለም። እጅዎ ላይ ቁስል ካለ ጓንት ያድርጉ።

ዘዴው የማይችለውንም ይወቁ። ነፍሳቱ «እዚህ አንድ ነገር ተበላሽቷል» ይላሉ እንጂ የኬሚካሉን ስም አይነግሩዎትም። የሞቱ ነፍሳት በብዛት ሲንሳፈፉ ካዩ ያኑ ጊዜ ውሃውን በንጹሕ የመስታወት ጠርሙስ ሞልተው፣ በቀዝቃዛና በጨለማ ቦታ ይዘው ላቦራቶሪ ያድርሱ። የፕላስቲክ ጠርሙስ አይሁን፤ አንዳንዱ የተባይ መድኃኒት ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ስለ መጠጡም እንዲሁ። ሜይፍላይ የሞላበት ጅረት ውስጥ ጃርዲያ ሊኖር ይችላል፤ የዱር እንስሳም ይጸዳዳበታል። የግድ ከሆነ የጠራውን ቀድተው፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ከሆኑ ሦስት ደቂቃ ያፍሉት።

ሁለቱ ጣቢያዎች ከተመሳሰሉና ሁለቱም ሀብታም ከሆኑ ጅረትዎ ደህና ነው። ሁለቱም ድሃ ከሆኑ ከመንገዱ በላይ የማያውቁት ነገር አለ፤ ወደ ምንጩ በእግርዎ ይሂዱ። የእኔ ግምት ግን የላይኛው ሀብታም፣ የታችኛው ድሃ ሆኖ ይገኛል የሚል ነው። እንደዚያ ከሆነ፣ ምክሬ የማያወላውል ነው፦ የሰፈሩን ልጆች ከጅረቱ አውጥተው መንገዱ ላይ ያሰማሯቸው። መንገዱን ከሚያስተዳድረው አካል ፈቃድ ይዛችሁ፣ ቦዩ ጅረቱ ጋ ሳይደርስ፣ ከ30 ሜትር ቀድሞ ወደ ጫካው ይቀልበስ። ውሃው ቅጠልና ሥር ውስጥ ተበትኖ አፈሩን እዚያ ይጣል። ከቱቦው ግራና ቀኝ ያለው ቁልቁለት ላይ ጠጠር ይልበስበት። ከጅረቱ ዳርና ዳር 30 ሜትር ያህል ዛፍ አይቆረጥ። ከዚያ ከዝናቡ ወቅት በኋላ ያንኑ ሃያ ድንጋይ እንደገና ያንሱ። የነፍሳቱን ቁጥር አይቸኩሉበት፤ መጀመሪያ የሚለወጠው ከድንጋዩ ሥር የሚነሳው ጭቃ ነው።